ከገና ዱላ እስከ ጆይስቲክ፦ የበረዶ ሆኪ ቪዲዮ ጌም የአጨዋወት ለውጦች

ሆኪ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ኳስን ወይም ኳስ መሰል ነገርን እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ግብ የማስገባት ውድድር ሲሆን፣ በሣር ሜዳ፣ በአዳራሽ ወለልና በበረዶ ላይ የሚካሄዱ ልዩ ልዩ ዓይነቶች አሉት፤ ከእነዚህም በካናዳ፣ በአሜሪካና በሰሜን አውሮፓ እጅግ የሚወደደው የበረዶ ሆኪ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ስፖርት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በቪዲዮ ጌም መልክ በየዓመቱ እያዘጋጀ ለገበያ ያቀርባል፤ ተከታታዩም የሰሜን አሜሪካውን ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ስም ወስዶ «ኤንኤችኤል» ተብሎ ይጠራል። በኢትዮጵያ ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች ሲጋጠሙበት የኖሩት የእግር ኳስ ጌም፣ ቀድሞ «ፊፋ» ከ2023 ወዲህ ደግሞ «ኤፍሲ» የሚባለው፣ የዚሁ ኩባንያ ሥራ ስለሆነ ሁለቱ ጌሞች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እግር ኳሱን የሚያውቅ ሁሉ ግን ሆኪውን አያውቅም፤ የሆኪው ጌም ባለፉት ዓመታት ያሳየው ለውጥ ደግሞ ማንኛውም የስፖርት ጌም እንዴት እንደሚያስብ በግልጽ የሚያሳይ በመሆኑ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው።

ሆኪው እንግዳ የሚሆንበትን ምክንያት ለማየት የዲላን ከተማ እንውሰድ፤ ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማና የቡና ንግድ ማዕከል ናት። በእንዲህ ያለ የቡናና የእንሰት ምድር በረዶ ማለት ከነጎድጓድ ዝናብ ጋር ወርዶ ወዲያው የሚቀልጥ ነገር ስለሆነ፣ ሰው በላዩ እየተንሸራተተ የሚጫወትበት የረጋ በረዶ ለነዋሪው በዓይን የታየ ነገር አይደለም። የበረዶ ሆኪ ሜዳ ግን የግድ ቀዝቃዛ አገር አይፈልግም፤ ከወለሉ ሥር በተዘረጉ የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ላይ ውኃ በስሱ ደጋግሞ በማፍሰስና በማርጋት የሚሠራ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ ባለበት ሁሉ ሊኖር ይችላል። ከዲላ ተነሥቶ በዚያው ጎዳና ሞያሌን አልፎ የተጓዘ ሰው የሚደርስባት ናይሮቢ በፓናሪ ሆቴል ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ አላት፤ መጠኑ ከውድድር ሜዳ ያነሰ ቢሆንም «አይስ ላየንስ» የተባለው የኬንያ የበረዶ ሆኪ ቡድን ያደገው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ኢትዮጵያም በክረምት ኦሊምፒክ የተወከለችው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በአገር አቋራጭ የበረዶ መንሸራተት በተወዳደረበት ጊዜ ነበር፤ በሆኪ በኩል ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም።

የሆኪ መሠረታዊ ሐሳብ ራሱ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ የገና ጨዋታ ከዚሁ ቤተሰብ ነውና። ገና በልደት በዓል፣ በታኅሣሥ 29 ቀንና በዙሪያው ባሉት ቀናት፣ በተለይ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ሲካሄድ የኖረ የወንዶች ጨዋታ ሲሆን፣ በትውፊት እንደሚነገረው መነሻው እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በያዙት ዱላ መጫወታቸው ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ቂሌ የሚባል ተመሳሳይ የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ። የገና ዱላ ጫፉ የታጠፈ ጠንካራ እንጨት ነው፤ የምትመታው ኳስ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ተሠርታ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። የአንድ መንደር ጎልማሶች ከጎረቤት መንደር፣ ያገቡት ካላገቡት፣ ወይም የአንድ ደብር ሰዎች ከሌላው ደብር ጋር ተሰልፈው ኳሷን ወደ ተጋጣሚው ወሰን ለማሳለፍ ይፋለማሉ፤ በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በሜዳው ላይ እኩል ስለሆኑ የተመታ ትልቅ ሰው አይቆጣም፤ ያሸነፈውም ወገን የተሸነፈውን በዘፈን እያሽሟጠጠ ይመለሳል።

ከዚህ ጽሑፍ አንጻር በገና ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚሻው በገጠር ሜዳ የተጫዋቾች ቁጥር፣ የሜዳው ስፋትና የጨዋታው ርዝመት ሁልጊዜ በአንድ ልክ የተወሰኑ አለመሆናቸው ነው። ወሰኑ ዛሬ ከዛፍ እስከ ድንጋይ፣ ነገ ከወንዝ እስከ ኮረብታ ሊሆን ይችላል፤ የወገኖቹ ብዛትም በዓሉን ለማክበር እንደወጣው ሰው ይለያያል፤ ክርክር ሲነሣም በቦታው ያሉ ሰዎች ተነጋግረው ይወስኑታል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከሌሎቹ የባህል ስፖርቶች ጋር በየዓመቱ በሚያካሂደው ውድድር ውስጥ ሲያስገባ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ልቅ የነበረ ነገር በልክ ማሰር፣ ማለትም ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ መስመሩንና ቅጣቱን በጽሑፍ መወሰን ነበር። ኮምፒውተር ደግሞ ከማንኛውም ዳኛ የበለጠ የተጻፈ ሕግ ስለሚሻ፣ አንድ ጨዋታ ወደ ጌም ከመለወጡ በፊት እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

የበረዶ ሆኪ ያን ቁጥር ቀድሞ ያገኘ ጨዋታ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ያለው፣ ማዕዘኖቹ የተጠጋጉና ዙሪያውን በአጥርና በወፍራም መስተዋት የታጠረ ነው። በኳስ ፈንታ የሚመታው «ፓክ» የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ሲሆን፣ ስፋቱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ በበረዶው ላይ እንዳይነጥርም ከጨዋታው በፊት ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው ያሰልፋል፤ ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ በሚፈጁ ሦስት ክፍሎች ይካሄዳል፤ ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለሆነም ተጫዋቾች ጨዋታው ሳይቆም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው፣ እየተቀያየሩ ይገባሉ ይወጣሉ። ፓክ የያዘን ተጫዋች በትከሻና በደረት ገጭቶ ማስጣል የተፈቀደ ነው፤ በዱላ ማሰናከል ወይም መጎተት ግን ብዙውን ጊዜ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ያስከትላል፤ በዚያም ጊዜ የተቀጣው ወገን በአንድ ሰው ጎድሎ ስለሚከላከል ተጋጣሚው የቁጥር ብልጫውን ተጠቅሞ በተቀጣው ወገን ሜዳ ሰፍሮ ያጠቃል። በእግር ኳስ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ እዚህም አለ፤ መለኪያው ግን የመጨረሻው ተከላካይ ሳይሆን በበረዶው ላይ የተሠመረ ሰማያዊ መስመር ነው፤ አጥቂው ፓኩ ሳይቀድመው ያን መስመር ማለፍ አይችልም።

የጌሙን ለውጥ ለመረዳት «አጨዋወት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ምስሉ ምን ያህል ያማረ ነው፣ የተጫዋቾቹ ፊት ምን ያህል እውነተኛውን ይመስላል፣ የተመልካቹ ጩኸት ምን ያህል ይሰማል የሚሉት ጥያቄዎች የመልክ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማስታወቂያዎችም በእነርሱ ላይ ያተኩራሉ። አጨዋወት የሚባለው ግን በጆይስቲኩ ላይ ያለው ጣት ምን ሊያዝዝ እንደሚችል፣ ትእዛዙን የተቀበለው ተጫዋች በሜዳው ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ያልታዘዙት የቀሩት ተጫዋቾች ደግሞ ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ የሚወስነው የሕግጋት ስብስብ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰው በአንድ ጊዜ የሚመራው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ በሜዳው ላይ ያሉትን ሌሎች የሚያንቀሳቅሳቸው ሶፍትዌሩ ነው፤ ይህም ራሱን ችሎ የመወሰን ችሎታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። የሆኪው ጌም ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጉዞ በዚህ ዓይን ሲታይ አንድ አቅጣጫ ይታይበታል፤ መጀመሪያ ለውጡ ሁሉ በጣቱ ላይ ነበር፣ ቀጥሎ ወደ ተጫዋቹ ሰውነት ተሻገረ፣ በቅርቡ ደግሞ ፓክ ወዳልያዙት ተጫዋቾች አእምሮ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ለሴጋ መጫወቻ የወጣው የመጀመሪያው ጌም ሜዳውን ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ፣ በጥቂት ቁልፎች ብቻ የሚታዘዝ ቀላል ነገር ነበር፤ አንዱ ቁልፍ ያቀብላል፣ ሌላው ይመታል። በ1993 የወጣውና «ኤንኤችኤል 94» የተባለው እትም የመጣን ፓክ ሳያቆሙ ወዲያው የመምታት ስልትን ጨመረ፤ በሊጉ ፍላጎት ደግሞ በቀደሙት እትሞች የነበረውን የተጫዋቾች ቡጢ አስወጣ። ይህ እትም ዛሬም በአድናቂዎቹ ዘንድ የሚወደድበት ምክንያት የቁልፎቹ ማነስ ነው፤ ጥቂት ትእዛዝ ያለው ጌም ለመማር ቀላል ስለሆነ ሁለት ጓደኛሞች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተስተካክለው መፋለም ይችላሉ። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ የመምቻው ቁልፍ ተጫዋቹ እንዴት እንደሚመታ ምንም ስለማያስመርጥ፣ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ደርሶ አንድ የታወቀ ቁልፍ የተጫነ ሰው ደጋግሞ ማግባት ይችል ነበር።

ይህን ከሥሩ የለወጠው በ2006 የወጣው «ኤንኤችኤል 07» ነው። በዚያ እትም የጆይስቲኩ ቀኝ ዘንግ፣ ማለትም በቀኝ አውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምትገፋው ትንሿ ዘንግ፣ ራሷ የሆኪ ዱላ ሆነች። ዘንጓን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቀሰ ሰው በስክሪኑ ላይ ያለውን ዱላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፤ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት የገፋ ዱላውን አንሥቶ በኃይል ይመታል፤ ሳይስብ በቀጥታ ወደ ፊት የገፋ ደግሞ በእጅ አንጓ ፈጥኖ ይመታል። በቁልፍና በዚህች ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት ቁልፍ ተጫነ ወይም አልተጫነ ከሚል በቀር ሌላ ነገር የማይናገር መሆኑ፣ ዘንግ ግን አቅጣጫም መጠንም ጊዜም አብራ የምትናገር መሆኗ ነው። ወደ ኋላ የተሳበ ዱላ ለተከላካዩ ይታያል፤ ስለዚህ በኃይል መምታት የፈለገ ሰው ለተጋጣሚው ማስጠንቀቂያና ጊዜ ይሰጣል፤ ፈጥኖ የመታ ደግሞ ኃይል ያጣል። በገና ሜዳ ዱላውን ከትከሻው በላይ ያነሣ ሰው ኃይለኛ ምት ቢያስብም ኳሷን ከፊቱ ሊነጠቅ እንደሚችል ሁሉ፣ በዚህም ጌም ኃይልና ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ የሚያስከፍሉ ምርጫዎች ሆኑ። ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ በተከታታዩ ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል ለውጥ አልተደረገም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው የሰውነት ዘመን ነው። በ2009 ተጋጣሚን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ፓኩን በእግር የመፋለም ስልት ገባ፤ በ2010 የወጣው «ኤንኤችኤል 11» የሁለት ተጫዋቾችን ግጭት አስቀድሞ በተቀረጸ እንቅስቃሴ ከማሳየት ይልቅ ፍጥነታቸውን፣ ክብደታቸውንና የተገናኙበትን ማዕዘን አስልቶ ውጤቱን በቅጽበት የሚወስን የፊዚክስ ሥርዓት አቀረበ፤ ዱላም ሊሰበር ቻለ። በ2012 ደግሞ በበረዶ ላይ መንሸራተት ራሱ ታደሰ፤ ከዚያ በፊት ተጫዋቹ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ በአንድ ቅጽበት ወደ ኋላ መዞር ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፍጥነቱን ሳይቀንስና ሰፊ ቅስት ሳይሠራ መዞር አልቻለም። በረዶን አይቶ የማያውቅ ሰው ከሁሉ የሚቸገረው ይህን ሲለምድ ነው፤ በእግር ኳሱ ጌም ጣቱን ሲያዞር ተጫዋቹ ወዲያው ይዞራል፣ እዚህ ግን ብረት የተጫማው እግር በለሰለሰው በረዶ ላይ የጀመረውን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ጉዞ እንቅፋት አልጠፋውም። በ2014 የወጣው «ኤንኤችኤል 15» ለአዲሶቹ መጫወቻዎች እንደገና ሲሠራ ምስሉ እጅግ ቢያምርም ቀድሞ የነበሩ ብዙ የመጫወቻ ዘዴዎች ተቀንሰውበት ስለወጡ ገዢዎች ክፉኛ አዘኑ፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ዓመት የጎደለውን ለመመለስ ተገደደ። መልክ አጨዋወትን ሊተካ እንደማይችል ከዚያ ዓመት የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በ2021 ጌሙ ኩባንያው ለእግር ኳስ ጭምር ወደሚጠቀምበት «ፍሮስትባይት» የተባለ የሶፍትዌር መሠረት ተዛወረ። በ2022 ደግሞ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ተጫዋቾች ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቡድን ሊሰለፉ የሚችሉበት ዕድል ተከፈተ፤ ካናዳዊቷ ሳራ ነርስም በተከታታዩ ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጌዴኦ ዲላ የተባለው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የዞኑን ስም ይዞ ሲጫወት ለተከታተለ ወጣት፣ የሴት ተጫዋች በጌም ውስጥ መኖር የዘገየ እንጂ የሚያስገርም ነገር ሊሆንበት አይችልም።

በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤንኤችኤል 24» ድካምን የጨዋታው እምብርት አደረገው። አንድ ቡድን በተጋጣሚው ሜዳ ሰፍሮ ፓኩን እየተቀባበለ ሲቆይ በስክሪኑ ላይ የሚታይ የጫና መለኪያ ይሞላል፤ መለኪያው ሲሞላ አጥቂዎቹ ብርታት ያገኛሉ፣ የተከላካዮቹ ጉልበት ደግሞ አያገግምም፤ ግብ ጠባቂውም ተደጋጋሚ ምት ሲያድን ይደክማል፣ የሚያድንበት ፍጥነትም ይቀንሳል። በእውነተኛው ሆኪ ከሜዳቸው ፓኩን ማውጣት ያልቻሉ ተከላካዮች መቀየር ስለማይችሉ በእርግጥ ይዝላሉ፤ የሐሳቡ መነሻ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጫናው በሚታይ መለኪያ መገለጹ ጨዋታውን በከፊል መለኪያውን ወደ መሙላት ሥራ ይለውጠዋል፤ ግብ የማግባት ዕድል ያለው ሰው እንኳ መለኪያው እስኪሞላ ፓኩን ይዞ መዞርን ሊመርጥ ይችላል። የዚያው እትም ሌላው አዲስ ነገር የማቀበያ ስልቱ ነው፤ ቀድሞ ተጫዋቹ ወደ ፈለገው ሰው አቅጣጫ ዘንጓን አነጣጥሮ ያቀብል ነበር፤ በአዲሱ ምርጫ ግን በእያንዳንዱ የቡድን ጓደኛ ራስ ላይ የአንድ ቁልፍ ምልክት ስለሚታይ ያን ቁልፍ በመጫን ብቻ ፓኩ በትክክል ወደዚያ ሰው ይላካል። በሰውነት መግጨትም ዘንጓን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋትን ስለሚጠይቅ፣ በጊዜው ያልገጨ ተከላካይ ከመንገዱ ወጥቶ ቦታውን ባዶ ይተዋል።

በጥቅምት 2024 የወጣው «ኤንኤችኤል 25» ትኩረቱን ፓክ ወዳልያዙት አዞረ። ኩባንያው «አይስኪው» ብሎ የሰየመው ሥርዓት በሶፍትዌሩ የሚመሩት ተጫዋቾች ከፓኩ አቀማመጥ በተጨማሪ የጓደኞቻቸውንና የተጋጣሚዎቻቸውን ቦታ፣ የተመረጠውን የቡድን ስልትና የጨዋታውን ሁኔታ እያገናዘቡ እንዲንቀሳቀሱ የተሠራ ነው። በቀደሙት እትሞች አንድ ተከላካይ ፓኩን ተከትሎ ቦታውን ጥሎ ሲሄድ፣ ከኋላው የተከፈተውን ቀዳዳ የሚሞላው ሰው ይታጣ ነበር፤ ጎበዝ ተጫዋቾችም ይህን የሶፍትዌር ስሕተት አጥንተው ያንኑ ቀዳዳ ደጋግመው ይጠቀሙበት ነበር። አዲሱ ሥርዓት ቀዳዳውን የሚሸፍን፣ ነፃ ቦታ ፈልጎ የሚቆም፣ ጓደኛው ሲያጠቃ ለጥንቃቄ ወደ ኋላ የሚቀር ተጫዋች ለመፍጠር የታሰበ ነው። የ2023ቱ የጫና መለኪያ ሊገልጸው የሞከረውን ነገር ይህ ሥርዓት ያለ መለኪያ ስለሚያመጣው፣ ማለትም ጫናው ከአቋቋም ከራሱ ስለሚወለድ፣ ከሁለቱ የበለጠ ለጨዋታው የታመነው ይህኛው ነው።

ከእርሱ ጋር ሁለት የጣት ለውጦች መጡ። የመጀመሪያው ተጫዋቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተንሸራተተ ሰውነቱንና ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያዞር የሚያስችለው ትእዛዝ ነው፤ ተከላካይ ወደ ኋላ እየሄደ ፊቱን ከሚመጣበት አጥቂ ላይ ሳይነቅል መከላከል የሚችለው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሳያቆሙ መምታትን የሚመለከት ነው፤ ይህ ምት ከ«ኤንኤችኤል 94» ጀምሮ በብዙ እትሞች አስተማማኝ የማግቢያ መንገድ ሆኖ ስለቆየ ጨዋታውን አሰልቺ አድርጎት ነበር። በአዲሱ ሥርዓት መቺው ፓኩ ወደ እርሱ እየመጣ ሳለ ትእዛዙን አስቀድሞ መስጠትና በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ አለበት፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የለቀቀ ኃይሉም ዒላማውም ይቀንስበታል። ሠላሳ ዓመት የቆየ አቋራጭ መንገድ በአንድ የጊዜ ፈተና ተዘጋ፤ ይህም በጌም ሥራ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው የማረም ዓይነት ነው፤ ስልቱን ከነአካቴው ሳያጠፋ፣ ችሎታን እንዲጠይቅ አድርጎታልና።

በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤንኤችኤል 26» ይህንኑ ሥርዓት ከእውነተኛው ሊግ መረጃ ጋር አገናኘው። ሊጉ በሜዳዎቹ ዙሪያ በተተከሉ ካሜራዎች፣ በተጫዋቾቹ ልብስና በፓኩ ውስጥ በተቀበሩ መለያዎች አማካይነት የእያንዳንዱን ተጫዋች ፍጥነትና ቦታ ይለካል፤ ይህ የመረጃ አገልግሎት «ኤጅ» ይባላል። በጌሙ ውስጥ የአንድ የታወቀ ተጫዋች ፍጥነት፣ ለመምታት የሚመርጠው ቦታና የመጫወት ዝንባሌው ከዚህ ልኬት እየተወሰደ ይቀረጻል። ቀድሞ አንድን ተጫዋች ከሌላው የሚለየው አዘጋጆቹ በግምት የሚሰጡት ነጥብ ነበር፤ አሁን ግን ከግራ በኩል እየገባ መምታት የሚወድ ሰው በጌሙም ከግራ እየገባ ይመታል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ይህን ጌም መሞከር ለሚፈልግ ሰው አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ። «ኤንኤችኤል 24» በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚሠራ የመጨረሻው እትም ነው፤ ከእርሱ ወዲህ ያሉት ፕሌይስቴሽን 5ን ወይም አዲሱን የኤክስቦክስ ትውልድ ይጠይቃሉ፤ ለኮምፒውተር የሚሆን እትም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ አልወጣም። ስለዚህ የድካም ሥርዓቱን በቆየ መጫወቻ ላይ ማየት ሲቻል፣ የአቋቋሙን ሥርዓት ለማየት አዲስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ተራርቀው በኢንተርኔት መጋጠም ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ የግንኙነቱን አለመቆራረጥ ስለሚሻ፣ እንደ ዲላ ባለ ከተማ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ መጋጠሙ እስከ አሁንም የተሻለው መንገድ ነው።

የውጭውን ጌም ከመጫወት ባሻገር፣ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጨዋታ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር መውሰድ ጀምረዋል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ «ኩኩሉ» በሚል የሩጫ ጌም አዘጋጅቷል፤ ገበጣንም በስልክ የሚጫወቱት ጌም አድርጎ አቅርቧል። ገበጣ ጉድጓዶቹና ጠጠሮቹ የሚቆጠሩ፣ ተራው የታወቀ፣ ሕጉም በቁጥር የሚገለጽ ስለሆነ ወደ ኮምፒውተር ለመሄድ ምቹ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን ልዩ ልዩ የገበጣ አጨዋወቶች መዝግቦ አስቀምጧል። ገና ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሮጥበት፣ ውጤቱ በጉልበት፣ በአቋቋምና በሜዳው ቅርጽ የሚወሰን በመሆኑ ከገበጣ ይልቅ ለሆኪው ጌም የቀረበ ነው፤ የሚያስፈልገውም ዝግጅት እንደዚያው የከበደ ነው።

ገናን ወደ ጌም መለወጥ የሚፈልግ ቡድን አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉት፤ ሩር በደረቅ ሣር ላይ ስትመታ ምን ያህል ትነጥራለች፣ በእርጥብ ሣርስ ምን ያህል ትንከባለላለች፣ ከእንጨት የተሠራችውና ከቆዳ የተሠራችው በምን ያህል ይለያያሉ፣ የዱላው መታጠፊያ ስፋት ኳሷን በመግፋትና በመምታት መካከል ምን ለውጥ ያመጣል፣ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲከብባት ከክበቡ ውጪ የቆመው ጎበዝ ተጫዋች የት ይቆማል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሱ በተጻፈው የፌዴሬሽን ደንብ ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ ያለው ጨዋታውን ለዓመታት በተጫወቱት ሰዎች ዘንድ ነው። የበረዶ ሆኪው ጌም ለተመሳሳይ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከሠላሳ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ በካሜራና በመለያ የታገዘ ልኬት ሲደርስለት ነው።

ለገና ያን ያህል ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሜዳው ወሰን በታወቀበት የፌዴሬሽኑ ውድድር ላይ ከፍ ካለ ቦታ የተተከለ አንድ ካሜራ ሙሉ ጨዋታውን ቢቀርጽ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቦታ በየቅጽበቱ ከምስሉ ላይ ማውጣት የሚያስችል ሶፍትዌር ዛሬ ለተማሪ እንኳ የሚደርስ ነው፤ ዲላን በመሰሉ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ኮምፒውተር ለሚያጠኑ ተማሪዎችም ለመመረቂያ የሚበቃ ሥራ ይሆናል። በገጠር ሜዳ የሚካሄደው ገና ደግሞ ለብቻው ሊቀረጽ ይገባዋል፤ ወሰኑ ከዛፍ እስከ ድንጋይ በሆነበት ጨዋታ ላይ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ በተለካ ሜዳ ላይ ከሚቆሙበት የተለየ ነውና፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቀርጽ ጌም አንደኛውን ማጥፋቱ አይቀርም።